ፍርሃት ባለበት እርቅ የለም

በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የፍቅር ግንኙነት ውስጥ ስለሚታየው ቁጥጥርና ጥቃት የቀረበ የሕዝብ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ብዙዎቻችን «የልጆች ነገር» ብለን ስለምናልፈው ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ወንድና ሴት ተማሪ ይዋደዳሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ፣ አንዳንዴም ይለያያሉ። ይህ የዕድሜው ወግ ነው፤ ልነቅፈው አልመጣሁም። የመጣሁት ከእነዚህ ግንኙነቶች አንዱን ዓይነት ለይቼ ላሳያችሁ ነው፤ አንዱ ሌላውን የሚፈራበትን። ጠብና ፍርሃት ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ይመሳሰላሉ። በሁለቱም ዕንባ አለ፤ በሁለቱም ስልክ አለማንሳት አለ፤ በሁለቱም ይቅርታ መጠየቅ አለ። እኛም ለሁለቱም የምናውቀው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፤ ማስታረቅ። ይህ መፍትሔ ለፍርሃት አይሠራም፤ ብዙ ጊዜም ጉዳቱን ያባብሰዋል። ዛሬ የምከራከረው ለዚህ ነው።

በአብዛኛው ስለ ሴት ተማሪዎች እናገራለሁ፤ ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በእነሱ ላይ ነውና። ወንዶቹን ግን አልረሳሁም፤ ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

የዛሬ 30 ዓመት በአገራችን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው በጣት የሚቆጠር ነበር። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ትልቅ ዕድል ነው። በየዓመቱ እጅግ ብዙ የ18 እና የ19 ዓመት ወጣቶች ከወላጆቻቸው ቤት ወጥተው፣ ዘመድ በሌለበት ከተማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ችለው ይኖራሉ። ምደባው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል ስለሚወጣ ከደብረ ማርቆስ የተነሣች ልጅ ጅማ፣ ከአሰላ የተነሣች አርባ ምንጭ ልትደርስ ትችላለች። ስለ ወንድ ልጅ ከቤት ይዛው የወጣችው ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ «ከወንድ ራቂ»። ምክሩ የሚወጣው ከፍቅር መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን ካልራቀችስ? ደግ ወዳጅ ምን ይመስላል፣ ክፉውስ በምን ይታወቃል? ይህን የነገራት ሰው የለም።

እንዲህ ሆና ግቢ ስትደርስ አንድ ሲኒየር ሻንጣዋን ተቀብሎ የዶርሟን ሕንፃ ያሳያታል። ሬጅስትራር የት እንደሆነ፣ የትኛው መምህር እንደሚከብድ፣ ያለፈው ዓመት ፈተና ከማን እንደሚገኝ ይነግራታል። አብዛኞቹ እንዲህ የሚያደርጉ ልጆች ጨዋዎች ናቸው፤ ፍሬሽ ተማሪን መቀበል በግቢዎቻችን ካሉት ደስ ከሚሉ ልማዶች አንዱ ነው። ሊቆጣጠራት ለሚፈልግ ሰው ግን ሁኔታው ሁሉ ተመቻችቶለታል። አጎት በከተማው የላትም፤ የልጅነት ጓደኛ የላትም፤ አንዳንዴም የአካባቢውን ቋንቋ አትችልም። ስለ እሷ ሁሉንም የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው። ሌላ ቦታ አንድ ሰው የወደዳትን ልጅ ከወዳጅ ዘመድ ለመነጠል ዓመታት ይፈጅበታል። እዚህ ግን ገና ስትመጣ ተነጥላ ነው የምትመጣው።

አጀማመሩ ጣፋጭ ነው። «ምሳ በላሽ?» «ዶርም ገባሽ?» የሚሉ መልእክቶች ናቸው፤ ከእናቷ ለራቀች ልጅ ይህ እንዴት እንደሚያስደስት አስቡት። ከዚያ ጥያቄው ቀስ በቀስ ይለወጣል። «የት ነሽ?» ይመጣል፤ «ከማን ጋር?» ይከተላል፤ ቀጥሎ «ያለሽበትን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ» ይሆናል። በቴሌግራም ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ኦንላይን ሆና ካያት ጠዋት መልስ መስጠት አለባት። ፓስወርዷን ትሰጠዋለች፤ እሱም የራሱን ይሰጣታል፤ ይህ የመተማመን ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ቀጥሎ «ያቺ ጓደኛሽ ታበላሽሻለች» ይመጣል። የቡድን ሥራ ከወንዶች ጋር ከደረሳት መምህሩን ለምና ቡድን እንድትቀይር ይፈልጋል። ማታ ላይብረሪ መሄድ ይቀራል፤ የክበብ ስብሰባ ይቀራል፤ የምትወደው ቀሚስ ሻንጣ ውስጥ ይቀራል። አንዳንዷ የትምህርት ክፍል የምትመርጠው እንኳ በእሱ ፍላጎት ነው። እያንዳንዷ ነገር ለብቻዋ ስትታይ ትንሽ ናት። እያንዳንዷም ምክንያት አላት፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ስለምወድሽ ነው»።

እዚህ ላይ ከራሳችን ጋር መነጋገር አለብን። «የማይቀና አያፈቅርም» የሚል እምነት በውስጣችን ሥር የሰደደ ነው። ወንዱም ሴቷም ያምኑበታል። ካልቀናባት «አይወደኝም» ብላ የምትከፋ አለች፤ ሲቀናባት ለጓደኞቿ በኩራት የምትናገር አለች። ቅናት ለሁሉም ሰው የሚመጣ ስሜት ነው፤ ቀና ተብሎ ማንም አይኰነንም። ጥያቄው ስሜቱ ሲመጣበት ምን ያደርጋል የሚለው ነው። «ትናንት ከዚያ ልጅ ጋር ሳይሽ ከፋኝ» ብሎ የሚናገር ልጅ ስለ ራሱ ይናገራል። ስልኳን ቀምቶ መልእክቶቿን አንድ በአንድ የሚያነብ ልጅ ግን ስለ ስሜቱ እየነገራት አይደለም፤ ሥልጣኑን እያሳያት ነው።

አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ኢቫን ስታርክ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው መጽሐፍ ያስረዳው ይህንኑ ነው። በእሱ አመለካከት ጥቃትን በጥፊና በቡጢ ብዛት ብቻ የምንለካ ከሆነ ዋናውን ነገር እናጣዋለን፤ ዋናው ነገር በየቀኑ የሚወሰደው ነጻነት ነው። የት እንደምትሄድ፣ ማንን እንደምታናግር፣ ምን እንደምትለብስ ሌላ ሰው ሲወስንላት፣ አንድም ቀን ባይመታት እንኳ ተይዛለች። ይህ ሐሳብ ሕግ እስከ መሆን ደርሷል፤ በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ሕግ በቅርብ ግንኙነት ውስጥ የሚፈጸምን እንዲህ ያለ የቁጥጥር ባሕርይ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል።

ከቁጥጥሩ በኋላ ብዙ ጊዜ ዱላው ይመጣል። ሊኖር ዎከር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1979 የጻፈችው የጥቃት ዑደት በብዙ አገር ይታወቃል። በመጀመሪያ አየሩ ይከብዳል፤ ልጅቷ እንዳይቆጣ እየተጠነቀቀች ትናገራለች፣ እየተጠነቀቀች ትሥቃለች። ከዚያ ቁጣው ይፈነዳል። ከዚያ ጸጸቱ ይመጣል፤ ማልቀስ፣ ስጦታ፣ ጉልበት ስሞ መማል። በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ልጅ መጀመሪያ የወደደችውን ሰው ይመስላል፤ ስለዚህ ታምነዋለች። ሁሉም ግንኙነት በዚህ ቅደም ተከተል አይሄድም፤ ከዎከር በኋላ የመጡ ተመራማሪዎችም ይህን አሳይተዋል። ጸጸት የሚባል ነገር ጨርሶ የሌለባቸው አሉ። ቢሆንም ለምን ትመለሳለች ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ በከፊል እዚህ አለ። የምትመለሰው ወደ መታት እጅ ሳይሆን ወደሚያለቅሰው ልጅ ነው።

ይህ የሚሆነው በትዳር ውስጥ ብቻ ይመስለን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ጄምስ ሜክፒስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ 202 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ስለ ፍቅር ግንኙነታቸው ሲጠይቅ ከአምስቱ አንዱ ያህል ጥቃት እንደደረሰባቸው ወይም እንዳደረሱ ነገሩት። የተማረ ወጣት፣ ገና ያላገባ፣ ልጅ የሌለው፣ በኢኮኖሚ ያልተሳሰረ፤ ሆኖም ዱላው ቀድሞ ገብቷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው የብዙ አገሮች ጥናት ከተጠኑት ቦታዎች አንዱ ቡታጅራና አካባቢው ነበር። እዚያ ባል ወይም የፍቅር አጋር ከነበራቸው ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወት ዘመናቸው ከዚሁ ሰው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተናግረዋል። በጥናቱ ከተካተቱት ቦታዎች ከፍተኛው ቁጥር ይህ ነበር። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ ሴቶችንና ወንዶችን ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ የሚሆንበት ምክንያት እንዳለ ጠየቀ። ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አልጋ ብትከለክለው እያለ አምስት ምክንያት አቀረበላቸው። ቢያንስ በአንዱ «ተገቢ ነው» ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ደግሞ 28 በመቶ ነበሩ።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ደጋግሜ አስቤባቸዋለሁ። ከወንዶቹ ይልቅ ሴቶቹ በእጥፍ በልጠው ዱላውን ተቀብለውታል። ይህ የሴቶቹ ጥፋት አይደለም፤ ከእናት ወደ ልጅ የተላለፈ የመትረፊያ ትምህርት ነው። «ካልተናገርሽው አይመታሽም» የተባለች እናት ልጇንም እንዲሁ ትመክራለች። ይህችኑ ልጅ ነው ዩኒቨርሲቲ የምንልካት። ስለዚህ በላውንጅ ጀርባ ጥፊ ሲያርፍባት በመጀመሪያ የምትጠይቀው ጥያቄ «እንዴት ይመታኛል?» አይደለም፤ «ምን አጥፍቼ ነው?» ነው።

«ታዲያ ለምን ትታው አትሄድም?» የሚለውን ጥያቄ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ፤ አንዳንዴም በቁጣ ይጠየቃል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ነገር፣ ቤተሰቧ የወንድ ጓደኛ እንዳላት አያውቁም። የተደበቀ ግንኙነት ውስጥ የደረሰ ጉዳት እንዴት ይነገራል? «መታኝ» ለማለት በቅድሚያ «ጓደኛ ነበረኝ» ማለት አለባት፤ ብዙዎቹ ይህን ከመናገር ዱላውን መቻል ይቀላቸዋል። ክብረ ንጽሕናዋን ከእሱ ጋር ያጣች ከሆነች ደግሞ «ከእንግዲህ ማን ያገባኛል» የሚለው ሐሳብ ከማንኛውም ገመድ ይበልጥ ያስራታል። ሁለተኛ፣ ግቢ ውስጥ የሚሸሹበት ቦታ የለም። ክፍሉ አንድ ነው፤ ላይብረሪው አንድ ነው፤ ካፌው አንድ ነው፤ የሚያውቁት ሰዎች አንድ ናቸው። ከእሱ ለመራቅ ትምህርቷን ማቋረጥ ሊኖርባት ይችላል። ዊዝድሮዋል ሞልታ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ምክንያቱን ይጠይቃል። ሦስተኛ፣ አንዳንዱ ኪሷን ይይዛል፤ ነን ካፌ ሆና፣ ማለትም ከተማሪዎች ካፌ ውጪ፣ የምትበላበትን ወጪ እሱ ሲሸፍን የቆየ ከሆነ መለየት ማለት የነገ ምሳ ጥያቄ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን «ከተለየሽኝ ራሴን አጠፋለሁ» የሚለው ማስፈራሪያ ነው። የ19 ዓመት ልጅ የሌላ ሰው ነፍስ ትከሻዋ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ምን ታድርግ? ዛቻው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ በቀላሉ አይታይም። ለፕሮክተር፣ ለግቢው የምክር አገልግሎት፣ ለወንድሙ ወይም ለጓደኛው ወዲያውኑ ይነገር፤ ልጁም እርዳታ ያግኝ። ነገር ግን እሷ ሐኪሙ አይደለችም፤ ወደ ግንኙነቱ መመለሷም ሕክምና አይሆንም። ይህን የሚነግራት ትልቅ ሰው ያስፈልጋታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ።

አንድ ቀን ምሽት መታት እንበል። ዶርም ስትገባ ከንፈሯ አብጧል። ጓደኞቿ ያያሉ፤ በረዶ ያደርጉላታል፤ አብረዋት ያለቅሳሉ። በማግስቱ የእሱ ጓደኞች ይመጣሉ። ሁሉም ላውንጅ ይቀመጣሉ፤ ሻይ ይታዘዛል። «ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ እንዴት እንደተጸጸተ ብታዪው» ይሏታል። ከእሷ ወገን አንዷ «አንቺም እኮ ትንሽ ትናደጃለሽ» ትላለች። ሌላው «ሁለታችሁም ተነጋገራችሁ፤ በቃ» ይላል። እሱ ይቅርታ ይጠይቃል። እሷም ይቅርታ እንድትጠይቅ ይደረጋል። በተመታችው ከንፈር ይቅርታ ትጠይቃለች። ሁሉም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ፤ መልካም ሥራ እንደ ሠሩ ከልባቸው ያምናሉ።

እነዚህን ልጆች አልወቅስም። ከአባቶቻቸው ያዩትን ነው የሚያደርጉት፤ ያዩት ነገርም ክቡር ነው። ሽምግልና በዚህች አገር የደም ቂም አድርቋል፤ ለድንበር የተማዘዙ ጎረቤታሞችን አንድ ማዕድ ላይ አስቀምጧል። ግን እውነተኛው ሽምግልና ምን ምን እንደነበረው አስታውሱ። ሽማግሌዎቹ በሁለቱም ወገን የሚፈሩና የሚከበሩ ናቸው። በዳይ በዳይነቱ ተለይቶ ይነገራል። ካሳ አለ። ዋስ አለ፤ በዳዩ ዳግመኛ ቢበድል የሚጠየቅለት ሰው አለ። በላውንጁ ጠረጴዛ ዙሪያ ከእነዚህ አንዱም የለም። አስታራቂዎቹ ነገ ከልጁ ጋር ኳስ የሚያዩ እኩዮቹ ናቸው። በዳዩ አልተለየም፤ «ሁለታችሁም» ተብሏል። ካሳ የለም። ዋስ የለም። ስለዚህ ይህ በራሳችን ባህል ሚዛን ቢመዘን እንኳ እርቅ ሊባል አይገባውም።

ከእርቁ በኋላ ነገሩ የሚከፋው እንዴት እንደሆነ ደግሞ እዩት። እሱ አንድ ነገር ተምሯል፤ ቢመታት የሚመጣው ነገር ሻይና ይቅርታ ብቻ ነው። እሷም ተምራለች፤ ብትናገር ጓደኞቿ ራሳቸው ይመልሷታል። በሁለተኛው ጊዜ ከመናገሯ በፊት ረጅም ታስባለች። ብትናገርም «ታርቃችሁ አልነበር?» ይሏታል፤ በሦስተኛው ጊዜ ይሰለቿታል። «እሷ ራሷ ትወደዋለች፤ ምን እናድርግ» ብለው ይተዋታል። ስለዚህ የነጠላት እሱ ብቻ አይደለም፤ እኛም በቅንነት አግዘነዋል።

ጠብን ከፍርሃት የምትለዩበት መንገድ ቀላል ነው። ልጅቷን ለብቻዋ፣ እሱም ጓደኞቹም በሌሉበት አነጋግሯት። ስልኩ ሲጮህ ፊቷ ምን እንደሚሆን ተመልከቱ። «አይሆንም» ብትለው ምን ያደርጋል ብላችሁ ጠይቋት። በእኩዮች መካከል በሚነሣ ጠብ መልሱ «ያኮርፋል፣ ከዚያ ይተወዋል» ነው። ፍርሃት ካለ ግን ዝም ትላለች፤ ወይም «አይሆንም ብዬው አላውቅም» ትላለች። ይህን መልስ ከሰማችሁ ሽምግልናውን እዚያው አቁሙት። ከዚያ በኋላ የሚፈለገው ደኅንነቷን ማስጠበቅ ነው።

የዶርም ጓደኞች ልታደርጉት የምትችሉት ብዙ ነው፤ ከማንኛችንም በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁና። አትፍረዱባት፤ «ካልተውሽው አናናግርሽም» አትበሏት፤ ያን ቀን የቀሯት ሰዎች እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ። ለመለየት ስትወስን ብቻዋን አትላኳት። መለየት አደገኛው ጊዜ መሆኑን በዘርፉ የሚሠሩ ሁሉ ያውቃሉ፤ ተቆጣጣሪ ሰው ቁጥጥሩ ሲያመልጠው ነው የሚብስበት። «ለመጨረሻ ጊዜ እንነጋገር» ብሎ ከከተማ ውጪ ወይም ወደ ተከራየው ቤት ሲጠራት አትሂድ። በስልክ መናገር ይበቃል፤ የግድ ፊት ለፊት መነጋገር የሚባል ዕዳ የለባትም። ከዚያ በፊት የቴሌግራም አካውንቷ በየትኛው ስልክ ላይ እንደተከፈተ በሴቲንግ ውስጥ አይታ የማታውቀውን ታስወጣ። ፓስወርዶቿንና የቴሌብር ምስጢር ቁጥሯን ትቀይር። የዛቻ መልእክቶቹን በንዴት አታጥፋ፤ ስክሪንሾት አድርጋ ለምታምነው ሰው ትላክ። ማስረጃ ናቸው።

ስለ ሕጉም ብዙ ተማሪዎች የተሳሳተ ነገር ይዘዋል። «ጓደኛዬ ስለሆነ መድፈር አይባልም» የሚሉ ሴቶች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 ከጋብቻ ውጪ ሴትን በኃይል ወይም በብርቱ ዛቻ፣ ወይም ራሷን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል አድርጎ የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመባትን ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የወንድ ጓደኛ መሆን ከዚህ አያድንም። ትናንት ፈቅዳ መሆኗም ለዛሬ ፈቃድ አይሆንም። ሕጉ ጋብቻን ከዚህ ማስቀረቱ ሊታረም የሚገባው ትልቅ ጉድለት ነው፤ ግን ያ የሌላ ቀን ንግግር ነው። «ፎቶሽን እበትነዋለሁ» ለሚለው ደግሞ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አለ። አንቀጽ 13 በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ሰውን ማስፈራራትን፣ መልእክት በተደጋጋሚ በመላክ ወይም የአንድን ሰው ግንኙነት በመከታተል ሥጋትና ጭንቀት መፍጠርን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የሴት ጓደኛን ስልክ በድብቅ መሰለል ብዙዎች እንደሚያስቡት ቀልድ አይደለም።

ክፍተትም አለ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 564 የሚናገረው በትዳር ወይም ያለ ጋብቻ አብረው ስለሚኖሩ ሰዎች ነው፤ በየዶርማቸው የሚኖሩ ፍቅረኛሞችን አይሸፍንም። ለእነሱ ያሉት የአካል ጉዳትና የዛቻ ጠቅላላ ድንጋጌዎች ናቸው። ዱላ ያልደረሰበት ቁጥጥር በእኛ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል አይደለም። ስለዚህ ገና በመነሻው የሚደርስላት ፖሊስ አይደለም፤ ሰው ነው።

አስገድዶ መድፈር ከደረሰ ሰዓት ይቈጠራል። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት 72 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት፤ እርግዝናን የሚከላከለውም በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል። ከመታጠቧና ልብሷን ከማጠቧ በፊት ሆስፒታል ትሂድ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ቃሉንና ምክሩን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ከተከፈተ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ ማዕከላት ተቋቁመዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም አቅም ለሌላቸው ሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ በመስጠት ይታወቃል።

ዩኒቨርሲቲዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የሴቶች ጉዳይ ቢሮዎች አሉ፤ ከእነሱም ውስጥ ከልባቸው የሚሠሩ ሴቶች አሉ። ነገር ግን አቤቱታ ያቀረበች ተማሪ ሴክሽን ቀይሪ፣ ዶርም ቀይሪ፣ አንድ ሴሚስተር እረፊ ስትባል የምትቀጣው እሷ ትሆናለች። የሚዘዋወረው ያስፈራራው ልጅ ይሁን። ተማሪዎች ራሳቸው ብዙ ማድረግ እንደሚችሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የተጀመረው የሎው ሙቭመንት የተባለው የተማሪዎች እንቅስቃሴ አሳይቷል፤ በሌሎች ግቢዎችም እንዲህ ያለ ድምፅ ያስፈልጋል።

ወንድ ተማሪዎች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ከእናንተም መካከል በሴት ጓደኛው የሚሰደብ፣ ስልኩ የሚበረበር፣ «ራሴን አጠፋለሁ» እየተባለ የሚያዝ አለ። «ወንድ አይደለህም እንዴ» እንዳትባል ዝም ብለሃል። ያልኩት ሁሉ ለአንተም ነው፤ የምትነግረው ሰው ፈልግ። ከእናንተ መካከል ደግሞ ስናገር ራሱን ያየ አለ። ስልኳን የምትበረብር፣ እጅህን አንድ ቀን ያነሣህ፣ ከዚያ በኋላ ለብቻህ ያለቀስህ። ለቅሶህ እውነት መሆኑን አምናለሁ። ግን ለቅሶህ እሷን ከነገው ቀን አይጠብቃትም። ከእሷ ራቅ። ይቅርታዋን አትለምን፤ አማላጅ አትላክ፤ በግቢው ወዳለው የምክር አገልግሎት ሂድና በቤትህ ያየኸውን፣ ስትናደድ የሚሆንብህን ተናገር። ሰው ይህን መተው ይችላል፤ የሚተወው ግን የተመታችው ልጅ ስለታገሠችው አይደለም።

የመጨረሻው ልመናዬ ለወላጆች ነው። ልጃችሁን ለመሸኘት ሻንጣ ስታዘጋጁ፣ ብርድ ልብሱንና በሶውን ስትቋጥሩ አንድ ነገር ንገሯት። «ከወንድ ራቂ» ማለት ከፈለጋችሁ በሉ፤ እምነታችሁ ነው። ከዚያ ግን ይህን ጨምሩበት፦ «ማንም ሰው ቢያስፈራራሽ፣ ማንም ቢሆን፣ በመጀመሪያ ለእኔ ደውዪ። ለምን ጓደኛ ያዝሽ ብዬ አልጀምርም። አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ።» ይህን ስትናገሩ አባትየውም በቦታው ይገኝ። ስልኩ በእኩለ ሌሊት ከጮኸም ቃላችሁን ጠብቁ።